ያረጀ መኪና ጉልበት ሲያጣ ጥፋቱ ከሞተሩ ነው ወይስ ከፍሪሲዮኑ?

(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በምሳ ሰዓትም ሆነ ከሥራ መልስ ዘወትር ሲነገር የሚሰማ ነው። ይኸውም፦ «መኪናዬ ጉልበት አጣች፤ ዳገት አልወጣ አለች፤ ጋራዥ ብወስዳት ሞተሯ ይውረድ አሉኝ፤ ምን ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሞተር አውርዶ ማሳደስ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚበላ የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ከማለት ይልቅ ያለችውን ጠብቆ መያዝን መርጧል። ስለዚህ በመኪናዋ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ትክክለኛ መሆኑ ከቀድሞው ይልቅ አሁን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ነገር ለመናገር የተነሣሁት መካኒክ ስለ ሆንሁ አይደለም። ትምህርቴ የሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሥራዬም ጽሑፍ አዘጋጅቼ በማይክሮፎን ፊት ማንበብ ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ገዝቼ ባለማወቄ የከፈልሁት ዋጋ ቀላል ስላልነበረ፣ የእኔ ስሕተት ለሌላው መማሪያ ቢሆን አይከፋም ብዬ ነው።

ያችን ቮልስ የገዛኋት ጡረታ ከወጡ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ለሜዳ መንገድ መልካም ነበረች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ግን ሞተሯ ይጮኻል እንጂ እርሷ ወደ ፊት አትሄድም። አንድ እሑድ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ስወጣ፣ ባዶ አህዮች እየነዳ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ልጅ ቀድሞን ሄደ። ልጆቼ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በማግሥቱ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እንደ ደረስሁም «ሞተሩ ደክሟል» አልኋቸው። ሐኪም ዘንድ የሄደ በሽተኛ የሚያመውን መናገር ሲገባው የበሽታውን ስም እንደሚናገር ሁሉ፣ እኔም ያየሁትን መናገር ትቼ ፍርዱን ራሴ ፈረድሁ። እነርሱም ቃሌን ተቀብለው ሞተሩን አወረዱት፤ ፋሻ ለወጡ፤ ቫልቭ አስሞረዱ፤ ገንዘቡንም ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሬ ከፈልሁ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ዳገት ብሞክረው መኪናዬ እንደ ቀድሞዋ ጮኸች፤ እንደ ቀድሞዋም ቀረች።

በሰፈራችን ሥራ ያቆሙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ነገሩን ባጫውታቸው ብዙም አልጠየቁኝም፤ «ልጄ፣ አንተ ንዳ፤ እኔ ላዳምጥ» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ኋላ መለሱ። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደ ወጣን፦ «ሞተሩማ ደኅና ነው፤ የሰጠውን ጉልበት የሚቀበለው ጠፋ እንጂ!» አሉ። ቤት ስንመለስ በግራው የኋላ ጎማ በኩል ካርቶን አንጥፈው ገቡና፣ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ይዘው አንዲት ክንፍ ያላት ዳዶ ጥቂት ጊዜ አላሏት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ዳገቱንም ወጣን። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ብድሬን ስከፍል ያችን ዳዶ በየወሩ አስታውሳት ነበር።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ የዛሬው ንግግሬም የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው። መኪና ጉልበት አጣች ሲባል ሞተሩ ጉልበት መስጠት አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሞተሩ የሰጠውን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ክፍል አላደርስ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሕመሞች ከሾፌሩ ወንበር ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ፍጹም ልዩ ነው። እነዚህን ለመለየትም በመጀመሪያው ምርመራ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ነገሩን ለመረዳት የእርሻውን በሬ እናስብ። በሬው ብርቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ምራን የላላ እንደ ሆነ፣ በሬው ቢራመድም ማረሻው በሚገባ አይከተለውም። ገበሬው ይህን ሲያይ ምራኑን ያጠብቃል እንጂ በሬውን አይሸጥም። በመኪናም ሞተሩ በሬው ነው። ከሞተሩ ቀጥሎ ፍሪሲዮን አለ፤ ከፍሪሲዮን ቀጥሎ ማርሾቹ ያሉበት ካምቢዮ፤ ከዚያ ዲፈረንሻል፤ በመጨረሻም ጎማዎቹ። ፍሪሲዮን ማለት ሸራ የለበሰ ሰሐን ሲሆን፣ ከሞተሩ ጋር በሚዞር መዘውርና በጠንካራ ሞላዎች በሚገፋ ሌላ ሰሐን መካከል ተጣብቆ ይዞራል። ፔዳሉን ስንረግጥ ሰሐኖቹ ይላቀቃሉ፤ ስንለቅ ይጣበቃሉ። መጣበቁ ያልጸና እንደ ሆነ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል።

ለምሳሌ የምወስደው ቮልስዋገንን ነው፤ እኔም የማውቃት እርሷን ስለ ሆነ፣ በከተማችንም በብዛት ስለ ኖረች። ይህች መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 ጀምሮ ስትሠራ ቆይታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ ወር 2003 ወጣች፤ በጠቅላላውም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ የሆነችው እንኳ ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በአዲስ አበባ የሚታዩት አብዛኞቹ ደግሞ ከባለቤቶቻቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። የሞተሩን ዙር የሚያሳይ መለኪያ የላትም፤ የሙቀት መለኪያም የላትም። ስለዚህ በቮልስ ውስጥ ዋናው መለኪያ የሾፌሩ ጆሮ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሰውና መኪና ወደማይበዛበት ቀላል ዳገት ይሄዳሉ። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርገው ይረግጣሉ። ዐይንዎ በፍጥነት መለኪያው፣ ጆሮዎ በሞተሩ ላይ ይሁን። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ከፍ እያለ ሄዶ የፍጥነት መለኪያው እዚያው የቆመ እንደ ሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚህ ጋር የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። የሞተሩ ድምፅ ሳይጨምር እንደ ታፈነ ሆኖ መኪናዋም ሳትፈጥን የቀረች እንደ ሆነ ግን፣ ፍሪሲዮኑ ይዟል፤ የደከመው ሞተሩ ነው። ድምፅና ፍጥነት ባንድነት ከጨመሩ ሁለቱም ደኅና ናቸው። እኔ በዚያች እሑድ ሞተሩ ሲጮኽ ሰምቻለሁ፤ አህያ ሲቀድመኝም አይቻለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ አላሰብሁም እንጂ መልሱ በእጄ ነበር።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ከፊቷ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ የእጅ ፍሬኑን በደንብ መሳብና የእግሩንም ፍሬን መርገጥ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ አንድ እግር በፍሬን፣ አንድ እግር በፍሪሲዮን ስለሚሆን ነዳጅ መስጠት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አራተኛ ማርሽ አግብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ሲለቁት ሞተሩ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ መሥራቱን የቀጠለ እንደ ሆነ ፍሪሲዮኑ አልያዘም። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ነው፤ ደጋግመው ቢያደርጉት የተረፈውን ሸራ ያቃጥሉታል።

ከዚህ በፊት ግን ሞተርንም ፍሪሲዮንንም ያለ ጥፋታቸው የሚያስወቅስ ሦስተኛ ወገን እንዳለ አልዘነጋም፤ እርሱም ያልለቀቀ ፍሬን ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ በሜዳ ላይ መኪናዋን በእጅ ቢገፏት በቀላሉ መንከባለል ይገባታል። ጥቂት መንገድ ሄደው ሲያቆሙም እጅን ወደ አራቱ ጎማዎች መካከል ጠጋ ማድረግ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞታል። የጎማ ነፋስ ማነስም እንዲሁ ጉልበት ይበላል።

እንግዲህ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ የሚታየው የፔዳሉ ነፃ መንገድ ነው። ፔዳሉን በእጅዎ ቀስ አድርገው ሲጫኑት መጀመሪያ ላይ ያለ ክብደት የሚሄድበት ጥቂት ቦታ አለ፤ በቮልስ ይህ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ማለት ነው። ሸራው እያለቀ በሄደ መጠን ይህ ነፃ መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻም ፈጽሞ ሲጠፋ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ያነሡ ቢሆንም ሽቦው ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ እንደ ሳበው ይቀራል፤ ሞላዎቹም በሙሉ ኃይላቸው ሰሐኑን ማጣበቅ አይችሉም። በእኔ መኪና የሆነው ይኸው ነው። ሞተሩን ያወረዱት ሰዎች መልሰው ሲገጥሙት ሽቦውን እንደ ነበረ ተዉት።

ነፃው መንገድ ከልክ በላይ የሰፋ እንደ ሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ እንኳ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይላቀቅም። ያን ጊዜ አንደኛና የኋላ ማርሽ ሲገቡ ይጮኻሉ። ብዙ ሰው ይህን ጩኸት ሲሰማ «ካምቢዮ ተበላ» ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ካምቢዮን ከመውቀስ በፊት ሽቦውን መመልከት ይገባል። ሽቦው ጥቂት ጥቂት እየተበጠሰ የመጣ ከሆነም ነፃው መንገድ በየቀኑ ይሰፋል፤ አንድ ቀን በመስቀል አደባባይ መካከል ጨርሶ ይቆረጣልና አስቀድሞ መለወጡ ይሻላል።

ነፃው መንገድ ልክ ሆኖ ሳለ መንሸራተቱ ያልቆመ እንደ ሆነ፣ ወይ ሸራው አልቋል፤ ወይ ዘይት ነክቶታል። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቦታ በታች ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ በመካከል ያለው ዘይት አጋጅ ጎማ ማርጀቱን ያሳያል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ መውረዱ እውነት ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚገኘው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ነውና። ደግነቱ የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ነው፤ ለለመደ ሰው ማውረዱ ረጅም ሥራ አይደለም። ማውረድና ማደስ ግን ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን፣ የሒሳቡም ወረቀት ይህን ለይቶ መጻፍ እንዳለበት ልብ ይሏል።

ስለ ካምቢዮው ብዙ አልናገርም፤ በቮልስ እርሱ ከሁሉ ይልቅ ታጋሽ የሆነው ክፍል ነው። ከዲፈረንሻሉ ጋር ባንድ ቤት ይኖራል፤ አንድ ዘይትም ይጠቀማሉ፤ ይህም ዘይት ከሞተሩ ዘይት የተለየ ነው። ብዙ ባለ መኪና የሞተሩን ዘይት በጊዜው እየለወጠ የካምቢዮውን ለዓመታት ይረሳዋል። ቆመው ሞተሩ ሲሠራ የሚሰማ ጉርምርምታ ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው ኩሽኔታ ያስጠረጥራል፤ ሲረግጡ የሚጀምር ከሆነ ግን የሚጮኸው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በመንገድ ላይ፣ በተለይ በቁልቁለት እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሡ፣ ማርሽ በገዛ እጁ እየወጣ ወደ ዜሮ የሚመለስ እንደ ሆነ ይህ የውስጥ መበላት ምልክት ስለ ሆነ ለባለሙያ መስጠት ነው። እስከ በአውሮፓ አቆጣጠር 1960 ድረስ የተሠሩት ቮልሶች አንደኛ ማርሻቸው መኪናዋ ፈጽማ ሳትቆም በጸጥታ አይገባም፤ አሠራሩ እንዲህ ነውና በሽታ ነው ብለው አይጨነቁ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። ምርመራው ፍሪሲዮኑ መያዙን፣ ሞተሩ ግን መድከሙን ያሳየ እንደ ሆነ ገና የሚቀር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የደከመው ታሞ ነው ወይስ አየር አጥሮት ነው የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር በማቃጠል ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በመጽሐፉ ላይ 34 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው የ1,200ው ቮልስ ሞተር በእኛ ከተማ የሚሰጠው 26 ያህል ነው። እንጦጦ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ወደ አዳማ የወረደ ሰው መኪናው እንደ ታደሰች ያህል ስትበረታ ያያል፤ አዳማ 1,700 ሜትር ያህል ነዋ! ድሬዳዋ ቢደርስማ ይበልጥ ይደነቃል። ስለዚህ ከበሽታው ውስጥ አንዱ ክፍል የአገሩ ከፍታ ነው፤ ይህን ማንም መካኒክ ሊያድነው አይችልም፤ ገንዘብም ሊያስከፍልበት አይገባም።

መኪናዎን ከመጽሐፍ ወይም ከጎረቤት መኪና ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር ያወዳድሩ። እኔ አንድ ዳገት መርጫለሁ፤ ደኅና በነበረች ጊዜ በስንተኛ ማርሽና በምን ፍጥነት እንደ ወጣችው በደብተር ጽፌአለሁ። ድካም ሲሰማኝ ያንኑ ሰው ጭኜ ያንኑ ዳገት እሞክራለሁ። ይህችን ደብተር ያየ ባልደረባዬ «የቢሮ ሰው አመል!» ብሎ ሥቆብኛል፤ ቢሆንም ከአንድ ጊዜ በላይ ጠቅማኛለች።

ስለ ከፍታው ሌላ መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት ነገር አለ፤ ምናልባትም በዚህ ንግግር ውስጥ ገንዘብ የሚያድነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጋራዦች የሞተሩን እምቅ ኃይል፣ ኮምፕሬሽን የሚሉትን፣ በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ መለኪያ ይለካሉ። መጽሐፉ የሚሰጠው ቁጥር ግን ለባሕር ዳርቻ አየር የተጻፈ ነው። በዚያ 8 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በአዲስ አበባ የሚያሳየው 6 ያህል ነው። ይህን ያላሰበ ሰው መጽሐፉንና መለኪያውን ጎን ለጎን ይዞ «ሞተርዎ አልቋል» ቢል በሐሰት አይደለም፤ በቅን ልቦና ይሳሳታል። እናንተ ግን አራቱንም ቁጥሮች ጠይቁ። አራቱ ተቀራራቢ ከሆኑና ሁሉም ባንድነት ዝቅ ያሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፍታው ነው። ሦስቱ እኩል ሆነው አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን እውነተኛ በሽታ አለ። ለመለካትም ሞተሩ የሞቀ፣ አራቱም ካንዴላዎች የወጡ፣ ነዳጅ መስጫውም እስከ መጨረሻው የተረገጠ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩ ያታልላል። በሌሎች መኪናዎች ጥቂት ዘይት በቀዳዳው አፍስሶ ደግሞ በመለካት ፋሻውንና ቫልቩን ይለያሉ። በቮልስ ሲሊንደሮቹ የተኙ ስለ ሆኑ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይፈስሳል፤ ስለዚህ ይህ ፈተና ብዙ አይታመንም።

አንዱ ሲሊንደር መሞቱን ያለ መለኪያም ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የካንዴላዎቹን ሽቦ በደረቅና ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ መያዣ አንዱን ለጥቂት ጊዜ ነቅሎ መመለስ፣ ከዚያ ሌላውን እንዲሁ ማድረግ ነው። ደኅናው ሲነቀል ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ሲነቀል ምንም ለውጥ ያላመጣው እርሱ ቀድሞውንም አልሠራም። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሦስተኛው ነው፤ ይህም በግራ ወገን ወደ መኪናዋ ፊት በኩል ያለው ነው። ምክንያቱም በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚህ ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልልበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቫልቩም ይቃጠላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ለብቻው ቦታ ተሰጥቶት ነገሩ ተሻሻለ።

ቫልቭ ሳይቃጠል የሚጠበቀው ክፍተቱን በጊዜው በማስለካት ነው። ቮልስ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይህን ትጠይቃለች፤ ክፍተቱም በብዙዎቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ በአንዳንዶቹ ስለሚለይ የራሳችሁን ሞተር ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። መለካቱ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘ ጊዜ፣ በማለዳ ነው። ጠዋት ነድታችሁ ወስዳችሁ ወዲያው የሚለካላችሁ ጋራዥ ካለ ሥራው ዋጋ የለውም፤ መኪናዋን ማታ እዚያው አሳድሯት። ቫልቩ ጥቂት ቢንኳኳ አትቈጡት፤ የሚያስፈራው ድምፁ ጠፍቶ ክፍተቱ የተዘጋው ነው፤ ያን ጊዜ ቫልቩ በሚገባ ስለማይከደን እሳቱ ጠርዙን ይበላዋል።

ካንዴላዎቹ ሲወጡ ለመጣል አትቸኩሉ፤ በየቦታቸው ተራ ደርድራችሁ ቀለማቸውን ተመልከቱ። ፈዛዛ ቡና ዓይነት ቢሆን መልካም ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ይህም በአዲስ አበባ የተለመደ ነው፤ ካርቡራተሩ ለወፍራም አየር ተመጥኖ የተሠራ ስለ ሆነ በሳሳው አየር ቤንዚኑ ይበዛል። ለዚህ ቤንዚን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን በአነስተኛ ማስለወጥ ይጠቅማል። ቾኩ ተዘግቶ የቀረ ከሆነም ምልክቱ ይኸው ነው። እርጥብና ዘይታም ከሆነ ፋሻው ወይም የቫልቩ ማቀፊያ ያስጠረጥራል። ነጭ ሆኖ የተለበለበ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ያን ጊዜ መንዳት ማቆም ነው።

ከዚህ የቀሩት ሁለት ሦስት ነገሮች ርካሽ ስለ ሆኑ ሰው ይንቃቸዋል። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጥ እናንተ ከኋላ ካርቡራተሩን ተመልከቱ፤ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? ሽቦው ረዝሞ ግማሹን ብቻ የሚከፍት መኪና በእጄ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ሁለት ዓመት በግማሽ ሞተር ነድቷል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ እርሱ ሲዛባ የእሳቱም ሰዓት ይዛባል፤ እሳት ዘግይቶ የሚደርሰው ሞተር ይደክማል፤ ይግላል። መኪናዋ ዳገቱን በብርታት ጀምራ ከመካከል ስትደክም፣ ጥቂት ቆማ ስታርፍ ደግሞ እንደገና ስትበረታ፣ ቤንዚን በበቂ አይደርሳትም ማለት ነው፤ ማጣሪያውንና ፓምፑን፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውንም መተንፈሻ ማየት ነው። በጉዞ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ቢበራ ግን ምርመራ የለም፤ ወዲያው መቆም ነው። የቮልስ ዲናሞና ማቀዝቀዣ ነፋስ የሚሰጠው መዘውር የሚዞሩት ባንድ ቺንጋ ነውና፣ ቺንጋው ከተቆረጠ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል።

ጋራዥ ስትደርሱ እንግዲህ «ሞተሩ ይታደስልኝ» አትበሉ። «በዚህ ዳገት፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ስሰጥ ድምፁ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ አይጨምርም» ወይም «ድምፁም ፍጥነቱም አይጨምርም፤ አራቱም ካንዴላ ጥላሸት ለብሷል» ብላችሁ ያያችሁትን ተናገሩ። ቢቻል መካኒኩን ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ዳገቱን አሳዩት። ሞተሩ የሚወርድ ከሆነም ሳይገጠም በፊት ሄዳችሁ ፍሪሲዮኑን በዐይናችሁ እዩ፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ተገልጦ ይታያልና ሁለተኛ ጊዜ ለማውረድ ከመክፈል ያድናችኋል። የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

የእኔዋ ቮልስ ከዚያ በኋላ ሸራዋ አልቆ በሰዓቱ ተለውጦላታል፤ በዚያም ጊዜ ሞተሩ ወርዶ በማግሥቱ ተመልሷል፤ ለማደስ የተከፈለ አልነበረም። ባለፈው እሑድ ከቤተሰቤ ጋር ወደ እንጦጦ ወጥተን ነበር። በመንገዱ አህዮች ነበሩ፤ ቀድመናቸዋል፤ በሁለተኛ ማርሽ ግን ነው።